ፕሬዝዳንቱ ሲቀየር ጫካውስ? የቴዎዶር ሩዝቬልት ታሪክ

አሜሪካ ውስጥ አዲስ ፕሬዝዳንት በገባ ቁጥር ቶሎ ከሚገለባበጡት ነገሮች አንዱ የአካባቢ ጥበቃ ነው። አንዱ የከለለውን መሬት ሌላው ይከፍተዋል፤ አንዱ ያገደውን ቁፋሮ ሌላው ይፈቅደዋል። ከቅርቡ እንነሳ ካልን፣ ኦባማ ሥልጣን ሊለቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በ2016 መጨረሻ፣ ዩታ ግዛት ውስጥ ቤርስ ኢርስ የሚባለውን ሰፊ ቦታ ከለለ። ትራምፕ በዓመቱ 85 በመቶ ያህሉን ቀነሰው። ባይደን በ2021 መልሶ አሰፋው። አንድ መሬት፣ አምስት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት ፊርማ!

የሚገርመው ሦስቱም የተጠቀሙት በ1906 የወጣውን ያንኑ አጭር ሕግ ነው። ሕጉን የፈረመውም፣ መጀመሪያ የተጠቀመበትም ሰው ቴዎዶር ሩዝቬልት ነው። ዛሬ የሱን ሕይወት እናካፍላችኋለን። መንግሥት ሲቀየር ጫካው ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ እንደሱ ሕይወት አድርጎ የሚታይበት ቦታ ብዙ የለምና።

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ደግሞ እንዳይምታታባችሁ፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የነበረው ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሌላ ሰው ነው፤ የሩቅ ዘመዱ ነው።)

🔹 ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ

ቴዎዶር በጥቅምት 1858 ኒውዮርክ ከተማ፣ ከሀብታም ቤተሰብ ተወለደ። ገንዘቡ ግን ትንፋሽ አልገዛለትም። ከባድ አስም ነበረበት፤ ሌሊት ሌሊት ቁጭ ብሎ አየር ሲታገል ያድር ነበር። ከቤት ብዙ ስለማይወጣ መጽሐፍ ላይ ተጣበቀ፤ ከመጽሐፉም የእንስሳ መጽሐፍ። ገና ትንሽ ልጅ እያለ ከገበያ ያየውን የአንድ የባሕር እንስሳ የራስ ቅል አግኝቶ እቤት ውስጥ የራሱን ሙዚየም ከፈተ። የወፍ ቆዳ ገፎ፣ ሞልቶ ማቆየት ተማረ። ቤተሰቡ የሞተ አይጥ ሽታ ለመደ ማለት ይቻላል።

አባቱ አካልህን አጠንክር ብሎ ስለመከረው ክብደት ማንሳት፣ ቦክስ፣ ፈረስ ግልቢያ ጀመረ። ያ ደካማ ልጅ አድጎ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይችል ሰው ሆነ። በ23 ዓመቱ የኒውዮርክ ግዛት ምክር ቤት አባል ነበር።

ከዚያ የካቲት 14 ቀን 1884 መጣ። በዚያን ቀን፣ በአንድ ቤት ውስጥ፣ እናቱም ሚስቱም ሞቱበት። ሚስቱ ሴት ልጅ ከወለደች ገና ሁለት ቀኗ ነበር። ቴዎዶር 25 ዓመቱ ነው። ሕፃኗን ለእህቱ ሰጥቶ ወደ ምዕራብ፣ ዳኮታ ወደሚባለው ሜዳ ሄደና ከብት አርቢ ሆነ።

🔹 ባዶ ሜዳ

ዳኮታን ያወቃት ከዚያ በፊት፣ በ1883 ባይሰን የሚባለውን የአሜሪካ ጎሽ ሊያድን በሄደ ጊዜ ነው። አንድ ጎሽ ለመግደል ቀናት ፈጅቶበታል። ምክንያቱም ጎሹ አልቋል። በሚሊዮኖች ይቆጠር የነበረ እንስሳ፣ ቆዳው ሲሸጥ ሲለወጥ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

በከብቱም የደረሰበት ይኸው ነው። ሁሉም ሰው የቻለውን ያህል ከብት ሜዳው ላይ ለቀቀ፤ ሣሩ ተጋጠ፤ ከ1886 ወደ 1887 የተሻገረው ክረምት በረዶውን ይዞ ሲመጣ ከብቱ እንደ ቅጠል ረገፈ። ሩዝቬልትም ከከብቱ ከግማሽ በላይ አጣ። የባለቤት ያለህ የተባለ ሀብት ማንም እንደፈለገ ሲወስደው ምን እንደሚሆን ያየው በኪሱ ነው።

በ1887 ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የአዳኞች ክለብ አቋቋመ። የክለቡ ሥራ ግን የዱር እንስሳ የሚጠበቅበት ሕግ እንዲወጣ መጎትጎት ነበር። አዎ፣ ሰውየው አዳኝ ነው፤ እስከ መጨረሻውም አዳኝ ነበር። እንስሳ ይወዳል፣ እንስሳ ይገድላል። ይህን ተቃርኖ ልንደብቅላችሁ አንፈልግም።

🔹 ያልታሰበው ፕሬዝዳንት

በ1898 ኩባ ውስጥ ከስፔን ጋር በተደረገው ጦርነት ዝነኛ ሆነ፤ ቀጥሎ የኒውዮርክ ግዛት ገዢ፣ በ1901 ደግሞ ምክትል ፕሬዝዳንት። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ፕሬዝዳንት ማክኪንሊ ቡፋሎ ከተማ ላይ በጥይት ተመተው ሞቱ። ሩዝቬልት በ42 ዓመቱ ፕሬዝዳንት ሆነ። እስከ ዛሬ ድረስ በዕድሜ ከእሱ ያነሰ ሰው ያንን ወንበር ይዞ አያውቅም።

እንግዲህ ለውጡ እዚህ ላይ ይጀምራል። በ1891 የወጣ ሕግ ፕሬዝዳንቱ የመንግሥትን ደን በፊርማው ብቻ እንዲከልል ይፈቅድ ነበር። ከሱ በፊት የነበሩትም ተጠቅመውበታል፤ እንደሱ ግን ማንም አልተጠቀመም። አጠገቡ ጊፎርድ ፒንቾት የሚባል፣ ፈረንሳይ አገር የደን ትምህርት የተማረ ወዳጁ ነበር። የፒንቾት ሐሳብ ቀላል ነው፦ ደኑ ይቆረጥ፣ ግን ለነገም እንዲተርፍ ሆኖ ይቆረጥ፤ የሚጠቀመውም ሕዝቡ ይሁን እንጂ ጥቂት ኩባንያ አይሁን።

በ1902 ለደረቁ ምዕራብ ግድብና መስኖ የሚሠራበት ሕግ ወጣ። በ1903 ፍሎሪዳ ውስጥ ፔሊካን የተባለች ትንሽ ደሴት ለወፎች ተከለለች። በዚያ ዘመን የሴቶች ባርኔጣ በወፍ ላባ ማጌጥ ፋሽን ስለነበር ወፎቹ ከነጎጇቸው ይጨፈጨፉ ነበር። በ1905 የደን አገልግሎት የሚባለው መሥሪያ ቤት በአዲስ መልክ ተቋቋመ፤ ኃላፊው ፒንቾት ሆነ። በ1906 ደግሞ ያ መግቢያችን ላይ ያነሳነው ሕግ መጣ፦ ፕሬዝዳንቱ ታሪካዊ ወይም ሳይንሳዊ ዋጋ ያለውን የመንግሥት መሬት ምክር ቤቱን ሳይጠይቅ መከለል ይችላል። ሩዝቬልት በዚህ ሕግ 18 ቦታዎች ከለለ። ከነሱ አንዱ በ1908 የከለለው ግራንድ ካንየን ነው፤ ስፋቱ ከ300 ሺህ ሄክታር በላይ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ለኛ አገርም ቅርብ የሆነ ታሪክ አለው። አሜሪካ ከኢትዮጵያ ጋር የመጀመሪያውን ስምምነት የፈረመችው በሱ ዘመን ነው፤ በ1903 ሮበርት ስኪነር የተባለ መልእክተኛ ልኮ ከአጼ ምኒልክ ጋር አዲስ አበባ ላይ የንግድ ውል ተፈራርመዋል።

🔹 የሌሊቱ ደኖች

ይህ ሁሉ ሲሆን የተቆጣ የለም እንዴ? ሞልቷል! ምዕራብ ያሉ እንጨት ቆራጮች፣ ማዕድን ቆፋሪዎች፣ ከብት አርቢዎች ዋሽንግተን የተቀመጠ ሰው መሬታችንን በፊርማ ነጠቀን አሉ። በ1907 የኦሪገኑ ሴናተር ቻርልስ ፉልተን ብልሃት አመጣ። በእርሻው መሥሪያ ቤት በጀት ላይ አንዲት አንቀጽ ሰካ፦ ከእንግዲህ በስድስት የምዕራብ ግዛቶች ያለ ኮንግረስ ፈቃድ አዲስ ጥብቅ ደን አይከለልም። ሩዝቬልት ካልፈረመ በጀቱ ይቀራል፤ ከፈረመ ሥልጣኑ ይሄዳል።

ለመፈረም ግን ጥቂት ቀን ነበረው። ፒንቾትና ሠራተኞቹ ሌት ተቀን ካርታ ላይ ተደፍተው መስመር ሲያሰምሩ ሰነበቱ። ሩዝቬልት 16 ሚሊዮን ኤከር፣ ማለትም ወደ 6.5 ሚሊዮን ሄክታር ደን ከለለና ፈረመ። ከዚያ በኋላ ተረጋግቶ ሥልጣኑን የሚነጥቀውን ሕግ ፈረመ። ደኖቹ የእኩለ ሌሊት ደኖች የሚል ስም ወጣላቸው።

ጀግንነት ነው? ለብዙዎች አዎ። ግን ልብ በሉ፦ የሕዝብ ተወካዮች በር ሲዘጉ እሱ በመስኮት ነው የገባው። በዚህ መንገድ የመጣ ነገር ሲሄድም በዚሁ መንገድ ሊሄድ ይችላል።

በመጋቢት 1909 ሥልጣን ሲለቅ በአጠቃላይ 230 ሚሊዮን ኤከር ያህል ጥበቃ ሥር አስገብቶ ነበር። በሄክታር 93 ሚሊዮን ይሆናል። ለማነጻጸር ያህል፣ ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት አምስት እጅ አራቱን ያህል ነው።

🔹 ወዳጅ ሲተካ

የተካው ጠላቱ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ቀላል ነበር። የተካው ግን ዊሊያም ሃዋርድ ታፍት፣ የገዛ ወዳጁ፣ ራሱ መርጦ ያስቀመጠው ሰው ነው። ፓርቲያቸው አንድ፣ ቃላቸው አንድ። ልዩነቱ ሥልጣንን የሚያዩበት መነጽር ነበር። ሩዝቬልት ሕግ ካልከለከለኝ እችላለሁ ባይ ነው። ታፍት ደግሞ የሕግ ሰው ነው፤ ሕግ ካልፈቀደልኝ አልችልም ባይ ነው። አየሩ፣ ወንዙ፣ ድንጋዩ ያው ነው፤ የሕጉ ንባብ ግን በአንድ ቀን ተለወጠ።

ታፍት የመንግሥትን መሬት የሚያስተዳድረውን ሚኒስትር ቀየረና ሪቻርድ ባሊንገር የተባለውን የቀድሞ የሲያትል ከንቲባ ሾመ። ባሊንገር ገና እንደገባ ለኃይል ማመንጫ ይሆናሉ ተብለው በሩዝቬልት ዘመን ለግል ይዞታ የተዘጉ የወንዝ ዳር መሬቶችን መልሶ ከፈተ። ሕጋዊ መሠረት የላቸውም አለ።

ቀጥሎ የአላስካ ከሰል ጣጣ መጣ። ሉዊስ ግላቪስ የሚባል ወጣት መርማሪ፣ አንዳንድ ሰዎች በማታለል የከሰል መሬት ይዘው ለትልልቅ ባለሀብቶች ሊያሻግሩት ነው ብሎ ጠረጠረ። ባሊንገር ሚኒስትር ከመሆኑ በፊት ለነዚሁ ሰዎች በጠበቃነት ሠርቶ ነበር። ግላቪስ ጉዳዩን እስከ ታፍት አደረሰው። ታፍት ከባሊንገር ወገነ፤ ግላቪስ ተባረረ። ፒንቾት ዝም አላለም፤ ለመርማሪው የሚከራከር ደብዳቤ ሴኔት ውስጥ እንዲነበብ አደረገ። በማግስቱ፣ ጥር 7 ቀን 1910፣ እሱም ተባረረ።

ኮንግረስ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። የኮሚቴው አብላጫ ድምፅ ባሊንገርን ነጻ አለው። ነገር ግን የግላቪስ ወገን ጠበቃ ሉዊስ ብራንዳይስ አንድ ነገር አፍረጠረጠ፦ ታፍት ውሳኔዬን የሰጠሁት አይቼው ነው የተባለው ሰነድ የተጻፈው ከውሳኔው በኋላ ሆኖ፣ ቀኑ ወደ ኋላ ተጎትቶ ነበር። በቃ፣ ሕዝቡ ፊቱን አዞረ። ባሊንገር በ1911 ሥራውን ለቀቀ።

አሁን ግን ታፍትን ዝም ብለን ክፉ አናድርገው። እሱም በ1909 ካሊፎርኒያና ዋዮሚንግ ውስጥ ሦስት ሚሊዮን ኤከር ያህል የነዳጅ መሬት እንዳይወሰድ ዘግቷል። ከዚያ ግን ኮንግረስ ሄዶ ሕግ ስጡኝ አለ፤ በ1910 ተሰጠው። በ1911 ደግሞ መንግሥት በምሥራቁ ክፍል ደን እየገዛ እንዲጠብቅ የሚያስችለውን ሕግ ፈረመ። ቀርፋፋ ነው፣ ጭብጨባ የለውም። ግን ሕግ ነው።

🔹 አፍሪካ፣ ምርጫ፣ ጥይት

ይህ ሁሉ ሲሆን ሩዝቬልት የት ነበር? እዚሁ እኛ አህጉር! ሥልጣን በለቀቀ በሳምንታት ውስጥ ወደ ዛሬዎቹ ኬንያና ኡጋንዳ መጥቶ ለአሜሪካ ሙዚየም የሚሆን እንስሳ ሲያድን ነበር። እሱና ልጁ ኬርሚት ብቻ ከ500 በላይ እንስሳት ገድለዋል። በአገሩ ወፍ ያዳነ ሰው እኛ ጋ አንበሳና ዝሆን ሲጥል ማየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያሳዝናል።

የፒንቾትን መባረር የሰማው ጫካ ውስጥ እያለ ነው። በ1910 መጋቢት ካርቱም ወጣ፤ በሚያዝያ ጣሊያን ሲደርስ ፒንቾት ራሱ ባሕር አቋርጦ መጥቶ ሁሉንም ዘረገፈለት። የሁለቱ ፕሬዝዳንቶች ወዳጅነት ከዚያ በኋላ አላገገመም።

በ1912 ሩዝቬልት የራሱን ፓርቲ መሥርቶ ከታፍት ጋር ተፎካከረ። ጥቅምት ላይ ሚልዋኪ ከተማ አንድ ሰው ደረቱ ላይ ተኮሰበት። ኪሱ ውስጥ የነበሩት የታጠፈ ወፍራም ንግግርና የመነጽር ማኅደር የጥይቱን ኃይል አበረዱት። ሰውየው ግን ሆስፒታል መሄዱን ትቶ መድረክ ላይ ወጥቶ ከአንድ ሰዓት በላይ ተናገረ።

ድፍረቱ ምርጫ አላሸነፈለትም። የሁለቱ ወዳጆች ድምፅ ተከፋፈለና ሦስተኛው ሰው ውድሮው ዊልሰን በ435 የመራጮች ድምፅ አሸነፈ። ሩዝቬልት 88፣ ታፍት 8 ብቻ አገኙ።

🔹 ዊልሰን መቀሱን አነሳ

በ1913 መጨረሻ ዊልሰን በዮሴሚቲ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው ሄች ሄቺ የተባለ ሸለቆ ለሳንፍራንሲስኮ ከተማ የውሃ ግድብ እንዲሆን የሚፈቅደውን ሕግ ፈረመ። እዚህ ላይ ፍርዱን ለዊልሰን ብቻ አንስጥ፤ ለከተማዋ የመጀመሪያውን ፈቃድ በ1908 የሰጠው የሩዝቬልት የራሱ ሚኒስትር ነው። ፒንቾትም ግድቡን ደግፏል። በ1903 ከሩዝቬልት ጋር ዮሴሚቲ ውስጥ ሦስት ሌሊት ድንኳን ሳይዘረጉ ያደረው የተፈጥሮ ተሟጋች ጆን ሚዩር ግን እስከ መጨረሻው ተቃውሞ ተሸነፈ፤ በዓመቱም አረፈ።

በ1915 ዊልሰን ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ያለውን የማውንት ኦሊምፐስን ክልል ግማሽ ያህል በፊርማው ቆረጠ። ሩዝቬልት ይህን ቦታ የከለለው ሥልጣን ሊለቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር፤ ዋና ዓላማውም በሱ በራሱ ስም የሚጠራውን ትልቅ አጋዘን ማዳን ነበር። በመጨረሻው ሰዓት በፊርማ የመጣው በስድስት ዓመቱ በፊርማ ተቆረጠ። እኛ የሩዝቬልትን ታሪክ ስናነብ ልባችን ላይ የቀረው ይህ ነው።

ግን ያው ዊልሰን በ1916 የብሔራዊ ፓርኮችን አገልግሎት ያቋቋመውን ሕግ ፈርሟል። መንግሥት ሲቀየር ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ አይሄድም፤ አንዱ እጅ ሲያፈርስ ሌላው ሲገነባ ታዩታላችሁ።

🔹 ከሞት በኋላ የመጣ ፊርማ

ሩዝቬልት ከዚያ ብዙ አልቆየም። በብራዚል ጫካ አንድ ያልታወቀ ወንዝ ሲከተል በወባና በእግር ቁስል ሊሞት ደርሶ ተረፈ፤ ጤናው ግን አልተመለሰም። በ1918 የመጨረሻ ልጁ ኩዌንቲን ፈረንሳይ ላይ አውሮፕላኑ ተመትቶ ሞተ። ጥር 6 ቀን 1919 ሩዝቬልት በ60 ዓመቱ ተኝቶ እንዳለ አረፈ።

ሰባት ሳምንት አልፎ፣ የካቲት 26፣ ግራንድ ካንየን በኮንግረስ ሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። የፈረመው ዊልሰን ነው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ራልፍ ካሜሮን የሚባል፣ ወደ ሸለቆው የሚወርደውን መንገድ ይዞ ከጎብኚ ገንዘብ ይሰበስብ የነበረ ሰው ያስነሳው ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ሩዝቬልት በ1908 ግራንድ ካንየንን መከለሉ ሕጋዊ ነው ብሎ ወሰነ። ማውንት ኦሊምፐስም በ1938፣ በዚያ በሩቅ ዘመዱ በፍራንክሊን ሩዝቬልት ፊርማ፣ በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ።

የዋጋው ሌላ ገጽም መረሳት የለበትም። ግራንድ ካንየን ውስጥ ለብዙ ዘመን የኖሩት የሀቫሱፓይ ሕዝቦች መሬታቸው በጥበቃ ስም እየጠበበ ሄዶባቸው ነበር። ኮንግረስ 185 ሺህ ኤከር ያህል የመለሰላቸው በ1975 ነው። ለሕዝብ ተብሎ ሲከለል፣ የትኛው ሕዝብ የሚለው ጥያቄ አልተጠየቀም።

🔹 እንግዲህ ምን ቀረ?

ሩዝቬልት በፊርማ ብቻ ከተዋቸው ነገሮች ውስጥ የተቆረጠ አለ፣ የተከፈተ አለ፣ ለዓመታት ፍርድ ቤት የተጓተተ አለ። ጸንቶ የቆየው ሦስት ነገር የተጨመረበት ነው፦ በምክር ቤት የወጣ ሕግ፣ ሚኒስትር ሲቀየር የማይበተን ሙያ ያለው መሥሪያ ቤት፣ እና ቦታው የኛ ነው ብሎ የሚጮህ ሕዝብ። የደን አገልግሎቱ ዛሬም አለ፤ ግራንድ ካንየንም አለ። ፊርማው ጊዜ ገዛ፤ በተገዛው ጊዜ ሌሎች ሕግ ሠሩበት። ፊርማው ባይኖር ኖሮ ሕጉ ሲመጣ የሚጠብቀው ደን ላይኖር ይችል ነበር፤ ሕጉ ባይመጣ ኖሮ ደግሞ ፊርማው የቀጣዩ ሰውዬ ምርኮ ነበር።

ስለዚህ ቤተሰቦች፣ በሚቀጥለው ጊዜ የትም አገር ይሁን አንድ መሪ ይህን ያህል ሄክታር ከለልኩ፣ ይህን ያህል ዛፍ አስተከልኩ የሚል ዜና ስታዩ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፦ እሱ ሲሄድ የሚጠብቀው ማነው?

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሩዝቬልት በእኩለ ሌሊት ደኖቹ ልክ ነበር ወይስ ታፍት ሕግ ይቅደም ሲል? ሐሳባችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ለጓደኞቻችሁም ሼር አድርጉ። 🌳